የጎመን ስፍርና ሚዛን፦ በአመጋገብ ምክራችን ላይ የቀረበ ትችት

መግቢያ

ማናችንም ብንሆን በመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ላይ «አንድ ማንኪያ» ብለን ጽፈን፣ የማንኪያውን ልክና የመድኃኒቱን ጥንካሬ ሳንገልጽ ታካሚን አናሰናብትም። እንዲህ ያለ ማዘዣ የጻፈ ጀማሪ ሐኪም ቢኖር ፋርማሲስቱ ወረቀቱን መልሶ ይልክለታል። ምግብን በሚመለከት ግን ይህ ጥንቃቄ ከእጃችን ያመልጣል። በጤና ተቋማት ግድግዳ ላይ በሚለጠፉ ሥዕላዊ መግለጫዎች፣ ለታካሚዎች በሚታደሉ በራሪ ጽሑፎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሳችን አንደበት «በቀን አንድ ኩባያ ቅጠላ ቅጠል ይመገቡ» ወይም «ጎመን ከአንድ ኩባያ አይብለጥ» ማለት የተለመደ ነው። ቅጠሉ ጥሬ ይሁን የበሰለ፣ የተከተፈ ይሁን ያልተከተፈ፣ ተጠቅጥቆ የተሞላ ይሁን ላላ ያለ አይነገርም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ልማድ መተቸት ነው። ጉዳዩ ለወጥ ቤት ብቻ የሚተው መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ቅጠላ ቅጠልን ከስፍር ወደ ሚዛን፣ ከሚዛን ወደ ስፍር የምንለውጥበት መንገድ ሲሳሳት ስህተቱ በጥቂት ግራም ብቻ ተወስኖ አይቀርም። አምስትና ስድስት እጥፍ ይደርሳል። አንድን መድኃኒት በአምስት እጥፍ አሳስቶ ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በምግብም በኩል ለአንዳንድ ታካሚዎች ነገሩ ከዚያ የራቀ አይደለም።

ከአንዲት ታካሚ የተገኘ ትምህርት

ትችቱን ከራሴ መጀመር ተገቢ ይመስለኛል። በሩማቲክ የልብ በሽታ ምክንያት ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸውና ዋርፋሪን የሚወስዱ አንዲት እናት በክትትል ላይ ነበሩ። የደማቸው የመርጋት መለኪያ፣ ማለትም አይ.ኤን.አር.፣ ለወራት በሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ባለው ክልል ውስጥ ቆይቷል። ስለ ጎመን በጠየቁኝ ጊዜ ፈጽሞ መከልከል ትክክል እንዳልሆነ ስለማውቅ፣ «ይብሉ፤ ነገር ግን በቀን ከአንድ ኩባያ አይብለጥ፣ መጠኑም አይለዋወጥ» አልኳቸው። ጥሩ ምክር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ለክትትል ሲመጡ አይ.ኤን.አር. ወደ 1.6 ወርዶ ተገኘ። ክኒን እንዳልዘለሉ፣ ሌላ መድኃኒትም እንዳልጀመሩ አረጋገጡልኝ። ስለ ጎመኑ ስጠይቃቸው ትንሽ ቅር ብሏቸው፣ «ዶክተር፣ ያሉኝን አላፈረስኩም፤ አሁንም በዚያው ኩባያ ለክቼ ነው የምበላው» አሉኝ። ሐሰት አልተናገሩም። ልዩነቱ የተገኘው በዝርዝር ስንነጋገር ነው። ከጾሙ በፊት ለራሳቸው ብቻ ሲሠሩ የተከተፈውን ጥሬ ጎመን በኩባያው ይሰፍሩና ድስት ውስጥ ይጨምሩ ነበር። በጾሙ ወቅት ግን ለቤተሰቡ በትልቅ ድስት ስለሚሠራ፣ ከበሰለው ላይ አንድ ኩባያ ይቀዱ ጀመር። ኩባያው አንድ ነው። በውስጡ ያለው ቅጠል ግን አንድ አልነበረም።

ደግነቱ ጉዳት ሳይደርስ መጠኑን አስተካክለን፣ ምርመራውንም አቀራርበን ነገሩ ተረጋጋ። ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ወደ አንጎል ቢሄድ ኖሮ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው «ታካሚዋ የአመጋገብ ምክር አላከበሩም» የሚል ይሆን ነበር። ምክሩን ያላሟላው ግን መካሪው ነበር።

ጥሬውና የበሰለው በአኃዝ

የነገሩን ስፋት ለመረዳት የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት የሚያዘጋጀውን የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ መመልከት ይጠቅማል። የእኛ ሀበሻ ጎመን የቅርብ ዘመድ የሆነውና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በጎመን ፋንታ የሚሠሩበት ኮላርድ የተባለው ቅጠል፣ ጥሬውን ተከትፎ አንድ ኩባያ ሲሞላ 36 ግራም ይመዝናል። ተቀቅሎ ውኃው ከተንጠፈጠፈ በኋላ ግን አንድ ኩባያ 190 ግራም ነው። በቫይታሚን ኬ ሲሰላ ጥሬው ኩባያ ወደ 157 ማይክሮ ግራም፣ የበሰለው ኩባያ ወደ 773 ማይክሮ ግራም ይሰጣል። ለአንዲት ጎልማሳ ሴት በቂ ነው ተብሎ የተቀመጠው የቀን መጠን 90 ማይክሮ ግራም መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

ስፒናች ደግሞ ጥሬው በኩባያ 30 ግራም፣ የበሰለው 180 ግራም ነው። ይህም ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው። የብረት ይዘቱን ብንወስድ ከጥሬው ኩባያ የሚገኘው 0.8 ሚሊ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከበሰለው የሚገኘው 6.4 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ነፍሰ ጡር እናትን «በቀን አንድ ኩባያ ቅጠል ደም ይሆንዎታል» ብለን ስንመክር ከሁለቱ የትኛውን ማለታችን ነው? ከቅጠል የሚገኘው ብረት በአንጀት በቀላሉ የማይመጠጥ መሆኑ ሲጨመርበት፣ የብረት ክኒኑን በአንድ ኩባያ ሰላጣ የተካች እናት ምንም አላገኘችም ማለት ይቻላል።

ቆስጣ በኩላሊት በሽታ ለሚሠቃዩ ታካሚዎች ሌላ ምሳሌ ይሆነናል። አንድ ኩባያ ጥሬ ቆስጣ 136 ሚሊ ግራም ያህል ፖታሲየም ሲይዝ፣ ተቀቅሎ የተንጠፈጠፈው አንድ ኩባያ 961 ሚሊ ግራም ይይዛል። ብዙ ጊዜ «ቅጠሉን ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ፖታሲየሙን ይቀንሳል» እንላለን። አባባሉ ለአንድ ለተወሰነ የቅጠል ክብደት ሲነገር እውነት ነው። በኩባያ ለሚለካ ታካሚ ሲነገር ግን አሳሳች ነው። ውኃውን የደፋ ሰው ያንኑ ኩባያ በበሰለው ከሞላ የሚያገኘው ፖታሲየም ከጥሬው ሰባት እጥፍ ያህል ነው።

ቅጠል ለስፍር የማይመች ስለ መሆኑ

ጤፍና ስንዴ በቁና ወይም በጣሳ ይሰፈራሉ። የእህል ፍሬ ጠንካራና ተቀራራቢ መጠን ያለው ስለሆነ በአንድ ዓይነት ዕቃ ሲሰፈር ክብደቱ ብዙም አይለዋወጥም። ጎመን ግን በገበያችን በእስር ነው የሚሸጠው። ጎመን በቁና ሲሰፈር ያየ የለም። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥሬ ቅጠል የተሞላ ኩባያ አብዛኛው ክፍሉ አየር ነው። ቅጠሉ በደቃቁ ሲከተፍ፣ በእጅ ሲጠቀጠቅ ወይም ጠውልጎ ሲሰፈር የሚይዘው ክብደት ይለያያል። ሲበስል ደግሞ የሕዋሳቱ ግድግዳ ይላላል፣ ቅጠሉን ወጥሮ የያዘው ውኃ ይወጣል፣ በመካከል የነበረውም አየር ይጠፋል። ክብደቱ የሚቀንሰው በመጠኑ ሲሆን ስፍሩ ግን እጅግ ይቀንሳል። ባለሙያ ሴት አንድ ድስት ለመሙላት ስንት እስር እንደሚበቃት በዓይኗ የምታውቀው ከዚህ የተነሣ ነው።

በላቦራቶሪ የሚሠሩት ሰዎችም ቢሆኑ ከዚህ ችግር ነጻ አይደሉም። ከላይ በጠቀስነው የአሜሪካ ሰንጠረዥ ውስጥ ኬል የተባለው ቅጠል አንድ ኩባያ ጥሬ በቀደሙት እትሞች 67 ግራም ተብሎ ተመዝግቦ ነበር። በቅርቡ ግን ላላ ተደርጎ ሲሞላ 21 ግራም ገደማ ነው ተብሏል። ቅጠሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የአሞላሉ ዘዴ ነው። ኩባያው ራሱም አንድ አይደለም። በአሜሪካ ለምግብ መለኪያ የሚያገለግለው ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በሌሎች አገሮች 250 ሚሊ ሊትር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ኩባያ ማለት በየቤቱ የተገኘው ሻይ መጠጫ ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ያላት ታካሚ፣ በኮላርዱ ልክ ብናሰላው፣ በጥሬው 45 ግራም፣ በበሰለው 240 ግራም ያህል ትመገባለች።

የመመሪያዎቻችን ጉድለት

የዓለም የጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት የጋራ ሪፖርት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ መክረዋል። ድንችና የመሳሰሉት ሥራ ሥሮች በዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። ይህ በሚዛን የተነገረ በመሆኑ ግልጽ ነው። ችግር የሚጀምረው 400 ግራሙ እያንዳንዳቸው 80 ግራም ወደሆኑ አምስት ድርሻዎች ተከፍሎ፣ ድርሻውም በኩባያ ሲተረጎም ነው።

ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን አጋላጭ ሁኔታዎች ለማጥናት የዓለም የጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ ስቴፕስ በመባል የሚታወቀው ዘዴ አጠቃላይ የማሳያ ካርድ አለው። በካርዱ ላይ ከጥሬ ቅጠላ ቅጠል አንድ ኩባያ፣ ከሌሎች የበሰሉ ወይም ጥሬ የተከተፉ አትክልቶች ደግሞ ግማሽ ኩባያ እንደ አንድ ድርሻ ይቆጠራል። ነገር ግን አንድ ኩባያ ጥሬ ስፒናች 80 ግራም ሳይሆን 30 ግራም ነው። በዚህ አቆጣጠር አምስቱን ድርሻ በጥሬ ቅጠል ያሟላ ሰው የበላው 150 ግራም ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በቅጹ ላይ 400 ግራም እንደበላ ይመዘገባል።

አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2015 በዚሁ ዘዴ አገር አቀፍ ጥናት አካሂዳለች። እጅግ የሚበዛው ሕዝብ አምስቱን ድርሻ እንደማያሟላም ታይቷል። ይህንን አጠቃላይ ድምዳሜ የኩባያው ጉዳይ ይገለብጠዋል አልልም። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ቅጠልን በአብዛኛው የሚመገበው አብስሎ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ጠያቂው ባለሙያ ካርዱ ላይ «ቅጠላ ቅጠል» የሚለውን አይቶ የበሰለውን ጎመን በሙሉ ኩባያ ቢቆጥረው፣ 190 ግራም የሚመዝነው ምግብ እንደ አንድ ድርሻ ብቻ ይመዘገባል። አንዱ ስህተት ያበዛል፣ ሌላው ያሳንሳል። ሁለቱ ተጣፍተው ትክክለኛ አማካይ ይሰጡናል ብሎ ማሰብም አይቻልም። መመሪያው ራሱ ድርሻው በየአገሩ ባሉ መለኪያዎች እንዲገለጽ የሚፈቅድ በመሆኑ፣ ካርዱን እንዳለ መተርጎም የእኛው ስንፍና ነው።

የአሜሪካ የአመጋገብ መመሪያም ቢሆን ሁለት ኩባያ ጥሬ ቅጠልን ከአንድ ኩባያ አትክልት እኩል ይቆጥራል። ይህ ማሻሻያ አቅጣጫው ትክክል ነው። ሆኖም ሁለት ኩባያ ጥሬ ስፒናች 60 ግራም፣ አንድ ኩባያ የበሰለው 180 ግራም በመሆኑ ክፍተቱ አልተዘጋም። በአንጻሩ በቀድሞው የኢትዮጵያ ጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩት የታተመው የምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ ይዘቱን የሚሰጠው በ100 ግራም ነው። ስለዚህ በእጃችን ያለው የራሳችን ሰንጠረዥ በሚዛን፣ ምክራችን ግን በስፍር ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሳይሠራ ቆይቷል።

የሽፈራው ዱቄት ምሳሌ

የስፍርና የሚዛን መደባለቅ ለማስታወቂያም በር ከፍቷል። በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ቅጠሉ ተቀቅሎ የሚበላው ሽፈራው ጠቃሚ ምግብ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በዱቄቱ ማሸጊያዎችና በበራሪ ጽሑፎች ላይ «ካልሲየሙ ከወተት 17 እጥፍ ይበልጣል» የሚል አባባል በስፋት ይሠራጫል። አባባሉ የተገኘው 100 ግራም የደረቀ ቅጠልን ከ100 ግራም ወተት ጋር በማነጻጸር ሲሆን፣ ስሌቱም የተሠራው ከእኛው ሽፈራው በተለየው ኦሌይፌራ በተባለው ዝርያ ላይ ነው። 100 ግራም ወተት ከግማሽ ብርጭቆ ያነሰ ነው። 100 ግራም ደረቅ ዱቄት ግን በአንድ ቀን የሚበላው ሰው የለም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ያህል ነው እንበል። በዚያው ስሌት ከዚህ የሚገኘው ካልሲየም 160 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ ብርጭቆ ወተት ከሚገኘው ግማሽ ያህሉ መሆኑ ነው። አሥራ ሰባት እጥፍ የተባለው ወደ ግማሽ ወረደ ማለት ነው። ለልጇ ወተቱን ትታ ዱቄቱን የገዛች እናት ይህንን ልትሰማ የሚገባት ከእኛ ነበር።

ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ

«ሕዝባችን በቂ ምግብ ባላገኘበት ሁኔታ ጎመን በግራም ይመዘን ማለት ቅንጦት ነው» የሚሉ ባልደረቦች ይኖራሉ። አስተያየታቸው ከፊል እውነት አለው። ለአንድ ጤናማ ቤተሰብ «ጎመን አዘውትራችሁ ብሉ» ማለት ይበቃል፤ ጎመን በጤና ይሏልና። እናቶችም ሚዛን እንዲገዙ አልጠይቅም። የምጠይቀው መካሪው ቁጥር በጠራ ጊዜ ቁጥሩ ትርጉም እንዲኖረው ነው። ዋርፋሪን ለሚወስድ፣ ኩላሊቱ ለደከመ፣ በአመጋገብ ጥናት ቅጽ ላይ ለሚመዘገብ ሰው ቁጥር መጥራታችን አይቀርም። ቁጥሩ ስድስት እጥፍ የሚዋዥቅ ከሆነ ባንጠራው ይሻል ነበር።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ በማንኛውም የአመጋገብ ምክርና ጽሑፍ ላይ የቅጠሉ ሁኔታ ይገለጽ። «ከበሰለው» ወይም «ከጥሬው» የምትለው አንዲት ቃል ብቻዋን ትልቁን ስህተት ታስቀራለች። ወጪም የላትም።

ሁለተኛ፣ መጠኑ በቅድሚያ በግራም ይወሰን፤ ከዚያም ታካሚው በሚያውቀው ዕቃ ይተርጎም። ለበሰለ ጎመን ከኩባያ ይልቅ ጭልፋ የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጭልፋ ለጥሬ ቅጠል መስፈሪያ ስለማይውል ሁለቱ አይምታቱም። አሠራሩ ቀላል ነው። በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ባዶ ሳህን አስቀምጦ ወደ ዜሮ መመለስ፣ የተንጠፈጠፈውን ጎመን በጭልፋው ልክ እየቀዱ ሦስት ጊዜ መዝኖ አማካዩን መውሰድ ነው። ለምሳሌ 62፣ 70 እና 66 ግራም ቢመጣ አማካዩ 66 ግራም ይሆናል። 80 ግራም ለማድረስ አንድ ጭልፋ ከሩብ ያህል ያስፈልጋል ማለት ነው። የአንድን ኩባያ ልክ ለማወቅም በውኃ ሞልቶ መመዘን ይበቃል፤ አንድ ግራም ውኃ አንድ ሚሊ ሊትር ነውና። እኔም ከላይ የጠቀስኳቸው እናት የቤታቸውን ጭልፋ ይዘው እንዲመጡ ጠይቄ እንዲሁ አድርገናል።

ሦስተኛ፣ የእኛ ጎመን ብቻውን እንደማይሠራ ይታወስ። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ስላለበት ከድስቱ የተቀዳው ሁሉ ቅጠል አይደለም። በገበያ የሚገዛው እስርም ግንዱና የተበላሸው ቅጠል ሲወገድለት ይቀንሳል። ስለዚህ የተገዛው፣ ለማብሰል የተዘጋጀውና የበሰለው ተለይተው ይጻፉ።

አራተኛ፣ ዋርፋሪን የሚወስዱ ታካሚዎች ክትትል ከጾምና ከወቅት ጋር ይዛመድ። ሕዝባችን በዘመን መለወጫ ሰሞን የጎመን ምንቸት ወጥቶ የገንፎ ምንቸት እንዲገባ የሚመኘው ክረምቱን በጎመን ስለሚያሳልፍ ነው። ዐቢይ ጾምም እንዲሁ የቅጠል ወቅት ነው። ጾሙ በገባ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ አይ.ኤን.አር. ቢለካ መልካም ነው። ከፋሲካ በኋላም መደገም አለበት። በጾሙ ምክንያት መድኃኒቱ የተጨመረለት ሰው ጎመኑን በድንገት ሲያቆም አይ.ኤን.አር. ከልክ በላይ ወጥቶ ደም ሊያስፈስሰው ይችላል። መረጋትን የፈራንለት ታካሚ በመድማት እንዳይጎዳብን መጠንቀቅ ይገባል።

ማጠቃለያ

የእስሩንና የድስቱን ልክ ወጥ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ ሲያውቀው ኖሯል። የተሳሳትነው ኩባያን ከሌላ አገር ተውሰን፣ በውስጡ ያለውን ሳንጠይቅ ለታካሚ ያስተላለፍነው እኛ ነን። ይህንን ለማስተካከል የሚያስፈልገው አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ ጭልፋና የአንድ ቀን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ጤና ተቋም በአካባቢው የሚበላውን ቅጠል መዝኖ ባለአንድ ገጽ ሠንጠረዥ በምክር መስጫ ክፍሉ ቢለጥፍ፣ ቀጥሎ የሚመጣ ታካሚ «ስንት ልብላ?» ሲል የምንሰጠው መልስ እንደ መድኃኒቱ ማዘዣ የተሟላ ይሆናል።